ብሩ በኪስ ይሁን በስልክ? ለጎጃም ገበያ የተዘጋጀ ንጽጽር

ደብረ ማርቆስም ሆነ ባሕር ዳር፣ ዛሬ የሂሳብ ቁጥር ያልለጠፈ ሱቅ መፈለግ ይከብዳል። ሥጋ ቤቱ ለጥፏል። ፀጉር አስተካካዩ ለጥፏል። ከቤተ ክርስቲያኑ ሙዳየ ምጽዋት አጠገብም የባንክ ቁጥር አለ። ከአስፋልቱ ወረድ ብላችሁ ገበያው መሀል ስትገቡ ግን ነገሩ ይለወጣል። በርበሬ የዘረጉት እናት «እኔ ስልክ አላውቅም ልጄ፣ ብሬን ስጠኝ» ካሉ ክርክሩ እዚያው አለቀ።

«ካሽ ይቅር» የሚለው ወሬ ሲመጣ አንዱ ወገን ሥልጣኔ ነው ይላል። ሌላው ደግሞ ብሬን ሊቆልፉብኝ ነው ብሎ ይሰጋል። ሁለቱም የየራሳቸው እውነት አላቸው። እዚህ ለማንም ድርጅት ከበሮ አንመታም። መጀመሪያ መመዘኛ እናስቀምጣለን፤ ከዚያ እያንዳንዱን የክፍያ መንገድ በዚያ እናያለን፤ ቀጥሎ ለማን የቱ እንደሚሻል እንነጋገራለን። እንደ ሕዝብ ካሽ እንተው ወይ ለሚለው መልስ የሚገኘውም እነዚህን ካየን በኋላ ነው።

በምን እንመዝን?

ብዙ ሰው «የትኛው ይፈጥናል?» ብሎ ይጀምራል። ፍጥነት ጥሩ ነው፤ ግን የመጀመሪያ ጥያቄ መሆን የለበትም። እኔ የማስቀድመው ይህን ነው፦ ነገሩ ሲበላሽ ኪሳራው የሚወድቀው በማን ላይ ነው? በጥቂት ኩንታል ጤፍ ዓመቱን የሚገፋ ገበሬ ላይ ከወደቀ፣ የፈለገውን ያህል ቢፈጥን ምን ይረባዋል?

ሌሎቹ ከዚህ ይከተላሉ። ኔትወርክና መብራት ሲጠፋ ይሠራል ወይ? ቢሰረቅ ወይም ለተሳሳተ ሰው ቢሄድ ይመለሳል ወይ? ማንበብ የማይችል ሰው ያለ ረዳት ይጠቀምበታል ወይ? ስንት ያስወጣል? እዚህ ላይ የአገልግሎት ክፍያውን ብቻ አትቁጠሩ፤ የመንገዱ ሂሳብና በወረፋ የሚቃጠለው ግማሽ ቀንም ወጪ ነው። ለጥቃቅን ግብይት ይመቻል ወይ? በመጨረሻም፣ ማስረጃ ይተዋል ወይ? ማስረጃ መተው ሁልጊዜ ጥቅም ብቻ አይደለም፤ እንመለስበታለን።

ጥሬ ብር

ካሽ ኔትወርክ አይፈልግም፣ ቻርጅ አይፈልግም፣ ፊደልም አይፈልግም። ያልተማሩ እናት ኖቱን በቀለሙ ይለዩታል። ሁለት መቶውን ሲቀበሉ ወደ ፀሐይ አንሥተው ያዩታል፣ በጣታቸው ይዳስሱታል፣ ከዚያ አጥፈው መቀነታቸው ላይ ይቋጥሩታል። ግብይቱ በዚያች ቅጽበት አለቀ። «ገባ? አልገባም?» እያለ ስልክ ላይ የሚያፈጥ ሰው የለም።

ሕዝባችን በገንዘብ ላይ ጠርጣራ የሆነው ዛሬ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጎጃሙ የባሶ ገበያ ከዓባይ ማዶ የሚመጣ ቡናና ወርቅ የሚሸጥበት ትልቅ ገበያ ነበር። መገበያያው አሞሌ ጨውና የኦስትሪያዋ ንግሥት ምስል ያለበት የማሪያ ቴሬዛ ብር ነበር። በአገራችን ብዙ ሰው ማሪያ ቴሬዛን ሲቀበል በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች ሳይቆጥር እጁን አይዘረጋም ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ የራሳቸውን ብር ካስመቱ በኋላ እንኳ ገበያው ማሪያ ቴሬዛን ቶሎ አልለቀቀም። ስለዚህ ዛሬ የስልክ ገንዘብ አልቀበልም ያለን ገበሬ ኋላ ቀር ከማለታችሁ በፊት አስቡበት። አያቶቹ ያደረጉትን ነው የሚያደርገው።

የካሽ ድክመት ደግሞ ቀላል አይደለም። ከጠፋ ጠፋ፣ ከተሰረቀ ተሰረቀ። ወደ ሁመራና መተማ ለሰሊጥ አጨዳ ወርዶ ላቡን ያፈሰሰ ልጅ፣ የወራት ድካሙን በካልሲው ውስጥ ሸጉጦ አውቶቡስ ላይ ሲሳፈር እስከ ቤቱ ድረስ እንቅልፍ የለውም። መንገዱ ባልተረጋጋበት ጊዜ ደግሞ ሥጋቱ በኪስ ሌባ አያበቃም።

ቤት ማስቀመጥም የራሱ ጣጣ አለው። አይጥ አለ፣ እሳት አለ፣ የኖት ለውጥ አለ። ዕድሜ የጠገቡ አባቶች ሦስት ጊዜ ብር ሲቀየር አይተዋል፤ በ1969፣ በ1990 እና በ2013 ዓ.ም.። በ2013ቱ 10፣ 50 እና 100 ብር ተቀይረው 200 ብር አዲስ ሲመጣ፣ አሮጌውን ለመለወጥ የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ነበር። ከተማ ላለ ሰው ሦስት ወር ብዙ ነው። ብሩን ማንም ሳያውቅበት ጎተራ ሥር ለቀበረ ሰው ግን ጭንቅ ነው። ደግሞም የተቀበረ ብር አይወልድም። ባንክ ለቁጠባ የሚከፍለው ዝቅተኛ ወለድ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ 7 በመቶ ነው። የኑሮ ውድነቱን አይተካም፤ ከዜሮ ግን ይሻላል።

የዝርዝር ችግር ለብቻው ይጠራ። ባጃጅ ላይ መልስ ተጠይቆ «ዝርዝር የለኝም» ያልተባለ፣ ሱቅ ገብቶ በመልስ ፈንታ ማስቲካ ያልተሰጠው ማን አለ?

የሞባይል ገንዘብ፦ ቴሌብር፣ ኤምፔሳ፣ ሲቢኢ ብር

እዚህ ላይ ረዘም አድርገን እንቆይ፤ ግራ መጋባቱ የሚበዛው እዚህ ነውና።

ቴሌብር የጀመረው ግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው። ኤምፔሳ ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ላይ ተከተለ። ሲቢኢ ብር ከሁለቱም ይቀድማል። ሦስቱም የሚሠሩት በስልክ ቁጥር ነው። የባንክ ሂሳብ መክፈት ግዴታ አይደለም። ወኪል ጋ ሄዳችሁ ካሽ ትሰጣላችሁ፣ ስልካችሁ ላይ ይገባል። ስታወጡ ደግሞ በተቃራኒው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ለእነዚህ ዘመናዊ ስልክም ኢንተርኔትም አያስፈልግም። የባትሪ ድንጋይ የምትመስለዋ ተራ ስልክ ላይ ለቴሌብር *127#፣ ለሲቢኢ ብር *847#፣ ለኤምፔሳ *733# ብሎ መደወል ይበቃል። ጥቅሙን ለማየት ሩቅ አንሂድ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለአንድ ዓመት ገደማ ተቋርጦ ነበር። በመተግበሪያ ብቻ የለመደ ሰው ያን ጊዜ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። በኮድ የሚጠቀመው ግን የስልክ መስመር ባለበት ሁሉ መላክም መቀበልም ችሏል። መስመሩ ራሱ ሲጠፋ ግን ኮዱም ዋጋ የለውም። ይህችን አትርሱ።

ሲሰረቅስ? ስልኩ ቢጠፋ ገንዘቡ አይጠፋም፤ ሚስጥር ቁጥሩ እስካልታወቀ ድረስ። ሲምካርዱን በመታወቂያ አስወጥቶ መቀጠል ይቻላል። ችግሩ ያለው «ሚስጥር ቁጥሩ እስካልታወቀ ድረስ» የሚለው ላይ ነው። በገጠሩ ቤት ሚስጥር ቁጥሩን የሚያውቀው ልጁ ነው። ወይም የወኪሉ ሠራተኛ ነው። አባት ስልኩን ይሰጣል፣ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይናገራል፣ ወረፋው ሁሉ ይሰማል።

የእህል መጋዘን በር ላይ የሚሆነውን ልንገራችሁ። ጤፉ ተመዝኗል፣ ጆንያው ተራግፏል። ነጋዴው ስልኩን ነካ ነካ ያደርግና «አያ፣ ገባልዎት» ይላል። ገበሬው ስልኩን ያወጣል። መልእክት መጥቷል፤ ግን በምን ቋንቋ እንደተጻፈ እንኳ አያውቅም። «ቆይ፣ ልጁ ያንብብልኝ» ይላል። ልጁ ትምህርት ቤት ነው። ነጋዴው ይቸኩላል፣ ከኋላ ሌላ ጋሪ ቆሟል። እዚህች ቅጽበት ላይ ነው አጭበርባሪም የሚገባው። የውሸት መልእክት ከተራ ስልክ ቁጥር ይልካል፤ ወይም ከዚህ በፊት የከፈለበትን ደረሰኝ ፎቶ ያሳያል።

መፍትሔው ቀላል ነው። መልእክቱን አትመኑ፣ ቀሪ ሂሳባችሁን ዕዩ። የቴሌብር መልእክት የሚመጣው 127 ከሚል ላኪ ነው እንጂ 09 ብሎ ከሚጀምር ቁጥር አይደለም። ማንበብ የማይችል ሰው ደግሞ ከሽያጩ በፊትና በኋላ ያለውን ቀሪ ሂሳብ ቁጥር ቢያነጻጽር ይበቃዋል። ፊደል ባይቆጥሩም ቁጥር የማይለይ ገበያተኛ የለም።

ለተሳሳተ ሰው ከላካችሁ ገንዘቡ ሊመለስ ይችላል፤ የተቀበለው ሰው ቶሎ ካላወጣው። ቴሌብር ከሆነ ወዲያው 127 ደውሉ። ከመላካችሁ በፊት ግን የሚመጣውን ስም አንብቡ። ስሙ የሚመጣው ለጌጥ አይደለም። አንድ የተለመደ ማጭበርበሪያም አለ፦ «ወንድሜ፣ በስህተት ልኬብሃለሁ፣ እባክህ መልስልኝ» ብሎ የሚለምን ድምፅ። ቀሪ ሂሳብ ሳታዩ አንዲት ብር እንዳትልኩ።

ወጪውን በተመለከተ፣ ትናንሽ ክፍያዎች ላይ የሚቆረጠው ትንሽ ነው። ካሽ ስታወጡ ግን ይቆረጣል። ስለዚህ የስልክ ገንዘብ የሚያዋጣው እዚያው ስልክ ውስጥ ሲዘዋወር ነው። ተቀብሎ ወዲያው ወኪል ጋ ሮጦ የሚያወጣ ሰው ሁለት ጊዜ ይደክማል። የገጠር ወኪል ደግሞ በገበያ ቀን ካሽ ያልቅበታል። «ነገ ና» ይላችኋል። ነገ ደግሞ ገበያ የለም።

ከነዚህ አገልግሎቶች ጋር ብድርም ይመጣል፤ ቴሌብር ላይ «መላ» እና «እንደኪሴ» የሚባሉት። ለቸገረው ነጋዴ እውነተኛ መላ ነው። ግን በሁለት ደቂቃ የሚገኝ ብድር በሁለት ደቂቃ ይጠፋል። ለሠርግና ለድግስ አትንኩት።

ሞባይል ባንኪንግ

ይህ የባንክ ሂሳባችሁ በስልክ ሲታይ ማለት ነው። ገንዘቡ ባንክ ነው ያለው፣ ወለድ ይታሰብለታል። ባንክ ቢከስር ደግሞ ለተቀማጭ ገንዘብ እስከ 100,000 ብር የሚሸፍን የመድን ፈንድ ተቋቁሟል። ትልቅ ገንዘብ የሚያንቀሳቅስ ሰው ከሞባይል ገንዘብ ይልቅ ይህን ይምረጥ፤ የሚላክበት ጣሪያም ሰፋ ይላል። ንግድ ባንክም *889# የሚል ኮድ ስላለው ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ከባንክ ወደ ሌላ ባንክ መላክ ዛሬ ባንኮችን እርስ በርስ በሚያገናኘው በኢትስዊች በኩል ይቻላል። ድሮ ሰው ከአንዱ ባንክ ካሽ አውጥቶ፣ መንገድ ተሻግሮ፣ ሌላው ባንክ ያስገባ ነበር። ያ ቀርቷል።

ጉዳቱ? ሂሳብ ለመክፈት መታወቂያ ይፈልጋል፤ አሁን አሁን ደግሞ የፋይዳ ቁጥር ይጠየቃል። ቅርንጫፉ ወረዳ ከተማ ላይ ነው። መተግበሪያው ከተዘጋባችሁ ወይም ስልክ ከቀየራችሁ ቅርንጫፍ ድረስ መሄድ አለባችሁ። የቀድሞው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ የዛሬው ፀደይ ባንክ፣ ከሌሎቹ ይልቅ ወደ ገጠሩ ገባ ያለ ስለሆነ ለአርሶ አደር ይህ ርቀት በመጠኑ ያጥርለታል።

ሲስተም ራሱ ሲሳሳትስ? መጋቢት 2016 ዓ.ም. ላይ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። የንግድ ባንክ ሲስተም በአንድ ሌሊት ተዛብቶ ሰዎች ሂሳባቸው ላይ የሌለ ብር አወጡ፣ ላኩ። ባንኩ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ መወሰዱን ገለጸ፣ ያልመለሱ ሰዎችን ስምም ይፋ አደረገ። እኔ ከዚያ ታሪክ የያዝኩት ሌላ ነገር ነው። ሲስተሙ ለሰዓታት ሲዘጋ ምንም ያላጠፋው ደንበኛም አብሮ ቆሟል። ያን ቀን ኪሱ ውስጥ ሦስት መቶ ብር ካሽ የነበረው ሰው ምሳውን በልቷል።

ካርድ

በአጭሩ እንለፈው። የኤቲኤም ካርድ በጎጃም ከተሞች ዋናው ሥራው ካሽ ማውጫ መሆን ነው። ደሞዝ ሲገባ ወረፋው ይረዝማል፣ ማሽኑ ብር ይጨርሳል። አንዳንዴም ሂሳቡ ይቀነስና ብሩ ሳይወጣ ይቀራል። የራሳችሁ ባንክ ማሽን ከሆነ ማመልከቱ ቀላል ነው፤ የሌላ ባንክ ከሆነ ቀናት ይፈጃል። በካርድ የሚያስከፍል ቦታ ከባሕር ዳር ሆቴሎችና ከአንዳንድ ሱፐርማርኬት ውጭ ብዙም አይገኝም። ወደ አዲስ አበባ የሚመላለስ ሰው ይያዘው። ሌላው ሰው ሳይኖረው ቢቀር ምንም አይቀርበትም።

ባንድ ላይ ሲታዩ

| መመዘኛ | ጥሬ ብር | የሞባይል ገንዘብ | ሞባይል ባንኪንግ | ካርድ |
|---|---|---|---|---|
| ኢንተርኔት ሲጠፋ | ይሠራል | በኮድ ይሠራል | ኮድ ካለው ይሠራል | አያስተማምንም |
| የስልክ መስመር ሲጠፋ | ይሠራል | አይሠራም | አይሠራም | አያስተማምንም |
| ሲሰረቅ ወይም ሲጠፋ | ቀረ | ሚስጥር ቁጥሩ ካልታወቀ ይተርፋል | ይተርፋል | ካርዱን ማዘጋት ይቻላል |
| ለተሳሳተ ሰው ሲሄድ | በሰውየው ደግነት | ቶሎ ከተደወለ ዕድል አለ | ዕድል አለ፣ ይዘገያል | እምብዛም አያጋጥምም |
| ማንበብ ለማይችል | ምቹ | ረዳት ይፈልጋል | ይከብዳል | ይከብዳል |
| ለጥቃቅን ግብይት | ዝርዝር ካለ ምቹ | ምቹ | መካከለኛ | አይሆንም |
| ለትልቅ ግብይት | አደገኛ | ጣሪያ አለው | ከሁሉ ይሻላል | ጣሪያ አለው |
| ማስረጃ | የለውም | አለው | አለው | አለው |
| የተደበቀ ወጪ | የመንገድ ሥጋት፣ ሐሰተኛ ኖት | ካሽ ሲወጣ የሚቆረጥ | ወደ ቅርንጫፍ መመላለስ | ወረፋ |

ስለ ማስረጃ ትንሽ

ነጋዴው ካሽ የሚወደው ለምን እንደሆነ እንዳናስመስል። ከፊሉ ምክንያት ግብር ነው። በስልክ የገባ ገንዘብ ይቆጠራል፣ በካሽ የገባ አይቆጠርም። ይህን ሁሉም ያውቃል፣ ማንም ጮክ ብሎ አይናገርም። ማስረጃው ግን ለራሱም ይሠራል። ብድር ሲጠይቅ የዓመት እንቅስቃሴውን ማሳየት የቻለ ሱቅ በቤቱ ካርታ ብቻ አይለምንም። «ከፍዬሃለሁ»፣ «አልከፈልከኝም» የሚል ሙግት ሲነሳም ሽማግሌ መጥራት አይጠበቅበትም።

ሌላው ወገን ደግሞ የሴቶች ጉዳይ ነው። እንቁላልና ቅቤ ሸጣ፣ አረቄ አውጥታ የምታገኘው ብር መቀነቷ ላይ እስካለ የራሷ ነው። ባሏ ስንት እንደሆነ አያውቅም፤ እንዳያውቅም ትፈልጋለች። ለልጇ ደብተር፣ ለእቁቧ፣ ለክፉ ቀን ነው። ያ ገንዘብ ባል በያዘው ስልክ ላይ የሚገባ ከሆነ ምስጢሩ አለቀ። በራሷ ስም፣ በራሷ ሲም፣ ራሷ በምታውቀው ሚስጥር ቁጥር ከገባ ግን ከመቀነት የበለጠ ይጠብቃታል፤ ሌሊት ተነሥቶ የሚፈታው ሰው የለም። ስለዚህ «ዲጂታል ሴትን ነፃ ያወጣል» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ፣ ሲምካርዱ በማን ስም ነው ብላችሁ ጠይቁት።

እንግዲህ እንደ ሕዝብ ካሽ እንተው?

ሦስት መንገድ አለ። እንደነበረ መተው፣ በግዴታ ማስወጣት፣ ወይም ካሹን ጠብቆ ሌላውን ማስፋት።

እንደነበረ መተው አያዋጣም። ከላይ ያነሣነው የሰሊጥ ሠራተኛ ደሞዙን በካልሲ ይዞ መጓዝ የለበትም። ኬንያ ውስጥ ኤምፔሳ እ.ኤ.አ. በ2007 ሲጀመር ማንም አላስገደደም። ናይሮቢ ያለ ልጅ ገጠር ላለች እናቱ ብር መላክ ስለቸገረው ነበር የተስፋፋው። ካሹም እስከዛሬ አለ።

በግዴታ የሄዱትን ደግሞ እንይ። ሕንድ እ.ኤ.አ. ኅዳር 2016 ላይ 500 እና 1,000 ሩፒን በአንድ ምሽት አዋጅ ከገበያ አስወጣች። ከሚዘዋወረው ጥሬ ገንዘብ 86 በመቶው ነበር። ሕዝቡ ባንክ በር ላይ ተሰለፈ፣ የቀን ሠራተኛው ሥራ አጣ፤ ከዓመታት በኋላ ግን በእጅ የሚዘዋወረው ካሽ ከቀድሞው በልጦ ተገኘ። ናይጄሪያ እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ላይ ኖት ስትቀይር ካሽ ጠፋ፣ ሰው ተቆጣ፣ በመጨረሻ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አሮጌው ኖት እስከ ዓመቱ መጨረሻ እንዲሠራ ወሰነ።

ከካሽ በብዙ የራቀችው ስዊድን ናት ይባላል። ያች ስዊድን እ.ኤ.አ. ኅዳር 2024 ለእያንዳንዱ ቤት ባሠራጨችው የአደጋ ጊዜ መመሪያ፣ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት የሚሆን ካሽ ቤታችሁ አስቀምጡ ብላለች። መብራት የማይጠፋባት አገር ይህን ካለች ኤሌክትሪክ በዝናብ የሚሄድብን እኛ ምን እንበል?

በአገራችን በግዴታ የተሞከረው ነዳጅ ነው። በ2015 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ጀምሮ በመላ አገሪቱ ነዳጅ በዲጂታል ብቻ ይከፈል ተባለ። ሾፌሩ ለመደው፣ ብር ተሸክሞ መዞሩም ቀረለት። ያ የሆነው ግን ሾፌር ስልክ ስላለው፣ ማደያም ዋና መንገድ ላይ ስለሆነ ነው። ኔትወርክ ሲቆም ደግሞ ወረፋውም አብሮ ይቆማል፤ ካሽ የያዘ ሰውም ቢሆን አይቀዳለትም። ያንኑ ሥርዓት ወደ ወፍጮ ቤት፣ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ወደ ማዳበሪያ ማከፋፈያ ብታመጡት ቆሞ የሚውለው ከሁሉ ደካማው ነው።

የእኔ ፍርድ ሦስተኛው ነው። ከመቶ ሺህ ብር በላይ የሆነ ግብይት፣ ደሞዝ፣ የመንግሥት ክፍያና ከቦታ ቦታ የሚላክ ገንዘብ በዲጂታል ይሁን። ምግብ፣ መድኃኒት፣ ትራንስፖርትና ማዳበሪያ የሚሸጥ ግን ካሽ አልቀበልም ማለት አይቻለው። አንድ ዓመት ያህል ኢንተርኔት የጠፋበት ክልል ውስጥ ያለ ሰው ይህን ለማለት ብዙ ማስረጃ አያስፈልገውም።

ለማን የቱ?

*እህሉን በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ የሚሸጥ ገበሬ።* የባንክ ሂሳብ ይኑርዎት፣ ዋናው ገንዘብ በሞባይል ባንኪንግ እዚያ ይግባ። ለወሩ አስቤዛ የሚሆነውን ብቻ ካሽ ይቀበሉ። ቀሪ ሂሳብዎን ሳያዩ ጆንያው ከሚዛን አይነሣ። ነጋዴው ከቸኮለ ሌላ ነጋዴ አለ።

*የጉልት ነጋዴ።* ካሽ ይዛችሁ ቀጥሉ። ከከተማ የሚመጣ ሸማች ካላችሁ ግን ቴሌብር ጨምሩ፤ የዝርዝር ጣጣን ያቀላል። ማታ ማታ የቀኑን ገቢ ስልክ ላይ ማጠራቀም ለእቁብም ይረዳል።

*ለሥራ ርቆ የሚሄድ።* ሲም በራሳችሁ ስም ይሁን። ደሞዙን በሞባይል ገንዘብ ተቀበሉ፣ ለቤት በየጊዜው ላኩ፣ ለመንገድ የሚሆነውን ብቻ ኪስ ውስጥ ያዙ። አሠሪው በካሽ ካልሆነ ካለ፣ ከመሳፈራችሁ በፊት ወኪል ጋ አስገቡት።

*ደሞዝተኛና ተማሪ።* የሁለት የተለያዩ ተቋማት አገልግሎት ይኑራችሁ። አንዱ ሲስተም ሲሞት ሌላው ያድናል። ኮዶቹን ዛሬውኑ ሞክሯቸው፣ ኢንተርኔት በጠፋ ቀን አትማሯቸው። ለሳምንት የሚበቃ ካሽም ቤት አይጥፋ፤ ትንንሽ ኖት ቢሆን ይመረጣል።

*እህል ጫኝ ነጋዴ።* ደጀንን ወርዳችሁ ዓባይን ተሻግራችሁ ካሽ በጆንያ የምትሸከሙበት ምክንያት የለም። ከባንክ ውጭ መያዝ የሚቻለው የብር ጣሪያ እንደየጊዜው ስለሚለዋወጥም ባንካችሁን ጠይቁ። ለገበሬ የምትከፍሉትን ግን ገበሬው በመረጠው መንገድ ክፈሉ። ቋሚ ደንበኛ የሚሠራው በዚህ ነው።

*ከውጭ ወይም ከአዲስ አበባ ለወላጅ የሚልክ።* በወላጆቻችሁ ስልክ ላይ ሚስጥር ቁጥሩን የሚያውቀው ማን እንደሆነ መጀመሪያ አጣሩ። ከላካችሁ በኋላ ለልጁ አትደውሉ፤ ለእናታችሁ ደውሉና ስንት እንደደረሳቸው ጠይቁ።

*ዕድርና ማኅበር።* ሂሳቡ ባንክ ይሁን፤ በአንድ ሰው ስልክ ቁጥር ላይ የዕድር ገንዘብ አይቀመጥም። ፈራሚዎቹ ቢያንስ ሁለት ይሁኑ፣ አንዱ ለባንኩ ቅርንጫፍ ቅርብ የሚኖር ቢሆን ጥሩ ነው። ለአንድ ለቅሶ የሚበቃ ካሽ ደግሞ ገንዘብ ያዡ ቤት ይቀመጥ፤ በየወሩ ስብሰባ ላይም ተቆጥሮ ይታይ።